«ለምጄዋለሁ» ቢሉም አንጎል እንቅልፍ ማጣትን አይለምድም

መርካቶ የሚነቃው ሌላው አዲስ አበባ እንቅልፉን ሳይጨርስ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ሻንጣና ፌስታል የያዘ መንገደኛ መሰብሰብ ይጀምራል። ከባድ የጭነት መኪኖች በቀን በከተማው ውስጥ እንደልባቸው ስለማይዘዋወሩ ብዙው ዕቃ የሚራገፈው በሌሊት ነው፤ ተሸካሚዎች ጆንያና ካርቶን በጀርባቸው አዝለው ሲመላለሱ ያድራሉ። ከአንዋር መስጊድ አዛኑ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የካህናቱ ዜማ ሲሰማ የጉልት ነጋዴዋ እንጀራዋን ጋግራ ጨርሳለች። ምሽት ላይም ሱቁ ተዘጋ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ሂሳብ አለ፣ የዱቤ ደብተር አለ፣ የነገ ዕቃ አለ። ከዚያ ወደ ጀሞ ወይም ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ታክሲ ወረፋ አለ። እራት ተበልቶ፣ ስልክ ተነካክቶ ጎን የሚያርፈው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። 10 ሰዓት ሲሆን ደግሞ መነሳት።

በዚህ ሰፈር በጤና ጣቢያ ነርስነት ለረጅም ዓመታት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የደም ግፊት ስለካ፣ ቁስል ስጠርግ፣ መርፌ ስወጋ «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። የነጋዴውም፣ የሾፌሩም፣ የጥበቃውም መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «አራት ሰዓት ካገኘሁ ይበቃኛል ሲስተር፤ ለምጄዋለሁ።»

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማነሳላችሁ ስለዚህች አንዲት ቃል ነው። ሰው ብዙ ነገር ይለምዳል። ሸክም ይለምዳል፣ ብርድ ይለምዳል፣ ጾም ይለምዳል። አንጎል ግን እንቅልፍ ማጣትን አይለምድም። የሚለምደው ሌላ ነገር ነው፤ መድከሙን አለማወቅ።

ተኝተን የሚሠራ ሥራ

ብዙዎቻችን እንቅልፍን የምናየው እንደተዘጋ ሱቅ ነው፤ በሩ ተቆልፏል፣ ውስጥ ምንም አይሠራም። እውነቱ ግን ሱቅ ከተዘጋ በኋላ እንደሚደረገው ቆጠራ ነው። ገዢ የለም፤ ውስጥ ግን የተሸጠው ይመዘገባል፣ የተዘበራረቀው ይደረደራል፣ የማያስፈልገው ይጣላል።

አንድ ሌሊት በዙር የተከፋፈለ ነው። አንዱ ዙር በአማካይ 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ጥልቁ እንቅልፍ ይበዛል። በዚህ ጊዜ የደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ ቀን ያየነውና የተማርነው ነገር ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ወደ ዘላቂው የትውስታ ማኅደር መሸጋገር ይጀምራል። ወደ ንጋት ሲቃረብ ደግሞ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ይረዝማል። ይህንን የእንቅልፍ ዓይነት፣ ዓይን ከሽፋሽፍት ስር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ለዓለም ያሳወቁት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አሴሪንስኪና ክላይትማን ናቸው። ይህ ክፍል ስሜታችንን ከማርገብ፣ ቂምና ድንጋጤን ከማለዘብ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይታመናል።

ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳ ሰው የሚያጣው «ጥቂት ሰዓት» ብቻ አይደለም። የሕልሙን እንቅልፍ አብዛኛውን ክፍል ነው። ያለ ምክንያት ከደንበኛ የሚጣላ፣ ልጁ ውኃ ቢያፈስ የሚጮህ፣ በትንሽ ነገር ሆድ የሚብሰው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም። እንቅልፉ በየቀኑ ከወደ ጅራቱ ስለሚቆረጥ ነው።

«ለምጄዋለሁ» ሲፈተን

እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት አለ። ጤነኛ ሰዎችን በቡድን ከፍለው ለ14 ቀናት ገሚሱን 8 ሰዓት፣ ገሚሱን 6 ሰዓት፣ ገሚሱን 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጉ። በየዕለቱም ንቃታቸውንና የማስታወስ ችሎታቸውን ፈተኑ። 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ሰዎች ውጤት በየቀኑ እያሽቆለቆለ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ጭራሽ ሳይተኛ እንዳደረ ሰው ሆኑ።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። ሰዎቹ «ምን ያህል እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል?» ሲባሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካማቸውን ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ «ደህና ነኝ፣ ያን ያህል አይደለም» ይላሉ። ፈተናው መውደቃቸውን ሲናገር እነርሱ ደህና መሆናቸውን ይናገራሉ። የመርካቶው «ለምጄዋለሁ» ማለት ይኸው ነው። የተበላሸ ሚዛን የራሱን መበላሸት መዝኖ ሊነግረን አይችልም።

«እሁድ እተኛዋለሁ» የሚለውም መልስ እንደሚታሰበው አይደለም። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ ለ7 ቀናት እንቅልፋቸው የተቀነሰባቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ 3 ሌሊት በደንብ እንዲተኙ ቢደረግም ንቃታቸው ወደ ቀድሞው እንዳልተመለሰ አሳይቷል። የእሁድ እንቅልፍ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዱቤው ወለድ እንጂ ዋናው አይከፈልበትም።

ይህ በሾፌር ላይ ሲሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ስህተት ይሠራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተነሳ ሾፌር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሞላው ማለት ነው። ጠብታ መጠጥ ሳይቀምስ እንደጠጣ ሰው መሪ ይዟል። የደከመ አንጎል ደግሞ ዓይን ተከፍቶ እያለ ለጥቂት ሰኮንዶች ይተኛል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ4 ሰኮንድ ውስጥ ወደ 90 ሜትር ያህል ይሄዳል። በእነዚያ 90 ሜትሮች መኪናው ሾፌር የለውም።

ዓመታት ሲቆጠሩ

እስካሁን ያነሳሁት የቀናትና የሳምንታት ጉዳት ነው። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሲሆንስ?

አንጎል ሲሠራ ይውላልና እንደማንኛውም የሥራ ቦታ ቆሻሻ ያጠራቅማል። ከነዚህ አንዱ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ ተከማችቶ የሚገኘው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዶክተር ማይከን ኔደርጋርድና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ በእንቅልፍ ጊዜ በአንጎል ሴሎች መካከል ያለው ክፍተት ወደ 60 በመቶ ያህል እንደሚሰፋና ፈሳሽ በዚያ እያለፈ ቆሻሻውን እንደሚያጥብ ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2024 በለንደን የተሠራ ሌላ የአይጥ ጥናት ተቃራኒ ውጤት ስላገኘ በአጠባው ሂደት ላይ ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በሰው ላይ የታየው ግን ችላ የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ 20 ጤነኛ ሰዎች አንድ ሌሊት ብቻ ሳይተኙ እንዲያድሩ ተደርጎ አንጎላቸው በመሣሪያ ሲታይ የአሚሎይድ መጠኑ ጨምሮ ተገኝቷል።

ከዚህም የሚበልጠው በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገው ክትትል ነው። ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለ25 ዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት፣ በ50፣ በ60 እና በ70 ዓመታቸው በተከታታይ 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙ ሰዎች 7 ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 30 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ እንደተገኘ ይናገራል። ይህ ማለት ያነሰ የተኛ ሁሉ ይረሳል ማለት አይደለም። ዕድሉ ይጨምራል ማለት ነው። በተጨማሪም እንቅልፍ ያጣ ሰው የደም ግፊቱ የመጨመር ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ለዓመታት ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ስሮች ይጎዳል፤ ስትሮክንም ያስከትላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደም ቢሆን ያልተኛበት ሌሊት ሊጥለው ይችላል።

ታላቅ ወንድሜ ከ40 ዓመት በላይ በመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ ነግዷል። የደንበኛውን ስም፣ የዱቤውን መጠን፣ የወሰደበትን ቀን ያለ ደብተር ይዘረግፈው ነበር። ከእኩለ ሌሊት በፊት አይተኛም፤ ከ10 ሰዓት በኋላ አልጋ ላይ አይገኝም። በዚህም ይኮራ ነበር፤ እኛም እንኮራበት ነበር። ዛሬ 70ውን አልፏል። ቡናውን ጠጥቶ ሲኒው ከፊቱ ሳይነሳ «ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?» ይላል። የልጅ ልጁን በሟች ወንድማችን ስም ይጠራዋል። ሐኪሙን «እንቅልፍ ማጣቱ ይሆን?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «የአንድን ሰው በሽታ በአንድ ምክንያት ላይ መለጠፍ አይቻልም፤ ዕድሜ አለ፣ የቆየ የደም ግፊት አለ፣ ዘርም አለ» አለኝ። ልክ ነው፤ ከዚህ የተለየ መልስ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር።

አሁን ሱቁን የያዘው ልጁ ነው። እርሱም በአባቱ ሰዓት ይተኛል፣ በአባቱ ሰዓት ይነሳል። አንድ ቀን ስመክረው «አክስቴ፣ አባቴ ይህን ሱቅ ያቆመው እኮ በአራት ሰዓት እንቅልፍ ነው» አለኝ። «አባትህ ሱቁን አቁሟል፤ ዛሬ ግን ሱቁ የት እንደሆነ አያስታውስም» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ዝምታ ነው።

ቡና፣ ጫትና ጨብሲ

ያልተኛ አንጎል እንዲሠራ ለማስገደድ በሰፈራችን ሦስት ነገሮች ይዘወተራሉ።

ቡና ወዳጃችን ነው፤ እኔም አልተውኩትም። አሠራሩን ማወቅ ግን ደግ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ «ደክመሃል፣ ተኛ» የሚለን እርሱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፤ ድካሙን የሚነግረን ደወል ነው የታፈነው። ካፌይን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣነው ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሽ ያህሉ በደማችን ውስጥ አለ። ስለዚህ አቦሉንም በረካውንም ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ ነው።

ጫት ካቲኖን የሚባል፣ ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ንጥረ ነገር አለው። ምርቃናው እንቅልፍን ያባርራል። ሲመሽ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል። መጠጡ ቶሎ ያስተኛል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውነት አልኮሉን ሲያጣራ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ የሕልሙም እንቅልፍ ይቀንሳል። ሰውየው ጠዋት ሲነሳ እንደተቀጠቀጠ ነው፤ ለመንቃት እንደገና ቡና፣ ቀትር ላይ እንደገና ጫት፣ ማታ እንደገና ጨብሲ። ይህ ቀለበት ሲዞር ዓመታት ያልፋሉ።

ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የሚዋጥ የእንቅልፍ ኪኒንም መፍትሔ አይደለም። ዲያዜፓምን የመሰሉ መድኃኒቶች ሱስ ያስይዛሉ፤ አረጋውያንን ደግሞ ያደነዝዛሉ፣ ይጥላሉም።

በቤታችን ማን አይተኛም?

ስለ ነጋዴና ስለ ሾፌር ብቻ አውርተን እንዳናበቃ፣ በየቤታችን ያለችውን አንዲት ሰው እናስብ። የቤት ሠራተኛችን ከሁሉ በኋላ ተኝታ ከሁሉ በፊት ትነሳለች። ማታ የማታ ትምህርት ካላትማ ሰዓቱ ይብሳል። ከዚያ ጨው ስትረሳ፣ ብርጭቆ ስትሰብር፣ የተላከችበትን ስትዘነጋ «ይቺ ልጅ ዝንጉ ናት» እንላለን። ዝንጉ አይደለችም፤ አልተኛችም። በዕድገት ላይ ያለ አንጎል ከአዋቂ ይልቅ ብዙ እንቅልፍ ይፈልጋል፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን ያወጣው ሕግ ለሠራተኛው ብቻ ብሎ አይደለም። ያልተኛ ገንዘብ ያዥ መልስ ያበላልጣል፤ ያልተኛ ዘበኛ ሌባ አያይም።

የሚያንኮራፋ ሁሉ እንቅልፍ አልጠገበም

ስምንት ሰዓት ተኝቶ ደክሞት የሚነሳ ሰውም አለ። ለሚስቶችና ለባሎች አደራ የምለው ይኸን ነው። አጠገባችሁ የተኛው ሰው ከፍ ባለ ድምፅ አንኮራፍቶ፣ ድንገት ትንፋሹ ለአሥርና ከዚያ በላይ ሰኮንዶች ጸጥ ብሎ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ሰቅስቆ የሚተነፍስ ከሆነ ይህ የጥጋብ እንቅልፍ አይደለም። በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ የሚባል ሕመም ነው። አንጎሉ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ያጣል፤ ብዙ ጊዜም ይባንናል፤ ሰውየው ግን አያውቀውም። ወፍራም አንገት ያላቸው፣ ክብደታቸው የጨመረና ግፊታቸው በመድኃኒት አልወርድ ያላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ሕክምና አለው። ምስክሩ ግን እናንተ ናችሁ፤ ያያችሁትን ለሐኪም ንገሩ።

ምን እናድርግ?

የመርካቶን ሰዓት እኔ አልለውጠውም። ሊለወጥ የሚችለውን ግን ልናገር።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ከ10 ሰዓት መነሳት ግድ ከሆነ ቁርጡን ማወቅና ከምሽቱ 3 ሰዓት መተኛት ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ባለችው ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፤ ከዚያ ሌላ ግማሽ ሰዓት። ብዙ ጊዜ ግማሿ ሰዓት የምትገኘው ከስልኩ ላይ ነው።

የመነሻ ሰዓታችሁን በየቀኑ አታለዋውጡ። እሁድም ቢሆን ከአንድ ሰዓት በላይ አታሳልፉት።

የዱቤው ሂሳብ በአልጋ ላይ የሚመጣባችሁ ከሆነ ከመተኛታችሁ በፊት የነገውን ሥራ በወረቀት ጻፉት። ደብተር ላይ ያረፈ ነገር ጭንቅላት ላይ አይዞርም።

ቀትር ላይ ከሱቁ ጀርባ 20 ደቂቃ ማሸለብ ስንፍና አይደለም። ከዚያ ካስረዘማችሁት ግን የማታውን ይሻማል።

ሌሊት ሠርታችሁ ቀን የምትተኙ፣ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርዱ፤ ስልኩን ዝጉ፤ ቤተሰብም ያንን ሰዓት እንደ ሌሊት ያክብርላችሁ።

በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁና ይህም 3 ወር ካለፈው ሕክምና ያስፈልጋችኋል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከኪኒን በፊት የሚመረጥ፣ የመኝታ ልማድንና ሐሳብን የሚያስተካክል የምክር ሕክምና አለ። ድባቴና ጭንቀትም እንቅልፍን ያባርራሉ። አማኑኤል ሆስፒታል እዚሁ አዲስ ከተማ ውስጥ ነው፤ «አማኑኤል ሂዱ» ስንላችሁ «አበድኩ እንዴ?» አትበሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄዱ ጥርሱን ያመመው ሰው ከሚሄደው የተለየ አይደለም።

በመጨረሻም በአፋችን ላይ ያለውን ቃል እናስተካክል። በእኛ ዘንድ «እንቅልፋም» ስድብ ነው፤ «አይተኛም» ደግሞ ምስጋና። ልጆቻችን ይህንን እየሰሙ ነው የሚያድጉት። ነጋዴ ካፒታሉ ዕቃውና ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የሚቆጥረው፣ ሰው የሚለየው፣ ዱቤ የሚያስታውሰው፣ ቁጣውን የሚይዘው ጭንቅላቱ ነው። ዕቃ ቢያልቅ ይታዘዛል፤ ገንዘብ ቢጎድል ይበደሩታል። አንጎልን የሚያበድር ጅምላ አከፋፋይ በየትኛውም ተራ የለም። ዛሬ ማታ ሂሳቡን ቀደም ብላችሁ ዝጉና ተኙ።